ከመሰላል ወደ ጭነት መኪና፦ የማጊሩስ ፋብሪካ ታሪክ

በሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ አባላት የተዘጋጀ

ከወደቡ ተነስተው በጋላፊ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ከባድ መኪኖችን ሳያይ የሚውል የጅቡቲ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል። ከወላጆቻችን መካከል ሾፌሮች፣ ትራንዚተሮች፣ መካኒኮችና ነጋዴዎች ስላሉ የብዙዎቻችን እንጀራ ከዚህ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በመንገዱ ላይ ከምናያቸው የመኪና ስሞች አንዱ «ኢቬኮ» ነው። ኢቬኮ በ1975 በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ አምስት የመኪና አምራቾች ተዋሕደው የመሠረቱት ኩባንያ ነው። ከአምስቱ አንዱ የጀርመኑ ማጊሩስ ነበር። ማጊሩስ ግን ሥራውን የጀመረው በመኪና ሳይሆን በእሳት አደጋ መሰላል ነው።

የእሳት አደጋ ዕቃ ይሠራ የነበረ ፋብሪካ እንዴት የጭነት መኪና አምራች ሊሆን ቻለ? ከዚያስ በኋላ ምን ገጠመው? እኛ የክበቡ አባላት ይህን ጥያቄ ለዘንድሮው መጽሔት የመረጥነው በክፍል ከምንማረው ፊዚክስም ሆነ ታሪክ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለን፤ እሱን ወደ መጨረሻው እናነሳዋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥርዓት ያልነበረው ድፍረት

ኡልም በደቡብ ጀርመን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ታላቁ ሳይንቲስት አልበርት አይንሽታይን በ1879 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። የእኛ ታሪክ ግን ከእሱ መወለድ በፊት ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ኡልም ባሉ ከተሞች ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩና እንጨት የበዛባቸው ነበሩ። መብራቱ ሻማና ኩራዝ፣ ማሞቂያው ምድጃ ስለነበረ በአንድ ቤት የተነሳ እሳት ሰፈሩን ጠራርጎ ሊሄድ ይችል ነበር።

እሳት ሲነሳ ደወል ይደወላል። ሕዝቡ ባልዲ ይዞ ይወጣና ከወንዙ ወይም ከጉድጓዱ እስከ ቃጠሎው ድረስ ተሰልፎ ውኃ ይቀባበላል። በእጅ የሚሠራ ፓምፕም ነበር፤ በግራና በቀኝ የቆሙ ሰዎች ረጅሙን እጀታ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ውኃው በቱቦ ተገፍቶ ይወጣል። ሰውም ድፍረትም አልጎደለም። የጎደለው ሥርዓት ነበር። ማን ያዛል? መሰላሉን ማን ይይዛል? ውስጥ የቀሩትን ማን ያወጣል? ይህ አስቀድሞ ስላልተወሰነ ሁሉም ይጮሃል፣ ሁሉም ይሮጣል፣ እሳቱም ሥራውን ይቀጥላል።

በ1847 በካርልስሩኸ ከተማ የቤተ መንግሥቱ ቲያትር ቤት ተቃጥሎ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ዕለት ከጎረቤቷ ከዱርላኽ የመጣ የሠለጠነ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን፣ ካርል ሜትስ የተባለው ፋብሪከኛ በሠራው የእጅ ፓምፕ ታግዞ፣ እሳቱ ወደ ሌሎች ሕንፃዎች እንዳይዛመት አድርጓል። ልምምድ ያደረጉ ጥቂት ሰዎች ከብዙ ግርግር እንደሚበልጡ በግልጽ ታየ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ተመሳሳይ ቡድኖች መቋቋም ጀመሩ።

ነጋዴው የእሳት አደጋ አዛዥ

ኮንራድ ዲትሪሽ ማጊሩስ በ1824 በኡልም ተወለደ። ሙያው ንግድ ነበር፤ መሐንዲስም አንጥረኛም አልነበረም። የጂምናስቲክ ስፖርት ግን ይወድ ነበር። በዚያን ዘመን የጀርመን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድኖች ብዙዎቹን አባሎቻቸውን ያገኙት ከጂምናስቲክ ማኅበራት ነው። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ ግድግዳ ለመውጣት፣ በገመድ ለመውረድ፣ ሰው ተሸክሞ ሚዛን ለመጠበቅ የሠለጠነ ሰውነት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ እነዚህ ወጣቶች በአንድ ትእዛዝ አብሮ መንቀሳቀስን የለመዱ ነበሩ።

በ1847 በኡልም የበጎ ፈቃድ ቡድን ሲቋቋም ማጊሩስ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ በኋላም አዛዥ ሆነ። በ1850 ስለ እሳት ማጥፋት ሥራ ክፍሎች የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። በ1853 ደግሞ በዉርተምበርግ ግዛት ያሉ ቡድኖች በፕሎኺንገን ከተማ ተገናኝተው ልምድ እንዲለዋወጡ አደረገ። ይህ ስብሰባ ዛሬ የጀርመን የእሳት አደጋ ቡድኖች ማኅበር መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ፋብሪካው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የተመሠረተበት ዓመት 1864 ነው። ማጊሩስ ሰዎችን ባደራጀ ቁጥር የዕቃ ችግር ይገጥመው ስለነበር የራሱን ዕቃ ወደ መሥራት ገባ። ባልዲ፣ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ የራስ ቁር፣ ገመድና መሰላል የሥራው ዓይነቶች ሆኑ። ገበያውን ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ዕቃውን በቃጠሎ መካከል ይጠቀሙበት ከነበሩት አንዱ እሱ ራሱ ነው። በ1877 ስለ እሳት ማጥፋት ሥራ ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል።

መሰላሉ እግር አወጣ

ተራ መሰላል ግድግዳ ላይ ካልተደገፈ አይቆምም። እየተቃጠለ ያለ ግድግዳ ደግሞ መደገፊያ ሊሆን አይችልም፤ ይፈርሳል፣ ወይም ነበልባሉ በመስኮቱ ወጥቶ መሰላሉን ይይዘዋል። ስለዚህ ያለ ድጋፍ በራሱ የሚቆም፣ እየተሳበ ወደ ቃጠሎው የሚደርስና እዚያው የሚረዝም መሰላል ያስፈልግ ነበር።

ማጊሩስ በ1872 ይህን መሰላል ሠራ። በሁለት መንኮራኩር ላይ የተቀመጠ ሲሆን አንዱ ክፍል በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይረዝማል። «የኡልም መሰላል» ተብሎ ታወቀ፤ በ1873 በቪየና በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽንም ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ የ9ኛ ክፍል ፊዚክሳችንን እናስታውስ። መሰላል በረዘመና ወደ ጎን ባዘነበለ ቁጥር የመገልበጥ ኃይሉ ይጨምራል። ጫፉ ላይ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆምና ጫፉ ከመሠረቱ በአግድም 5 ሜትር ቢርቅ አንድ ነገር ነው፤ 10 ሜትር ቢርቅ ግን ያው ሰው የሚፈጥረው የመገልበጥ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ይህን ለመቋቋም ከታች ያለው መሠረት ከባድና ሰፊ መሆን አለበት። ዛሬም የእሳት አደጋ መኪና መሰላሉን ከመዘርጋቱ በፊት በግራና በቀኝ የብረት እግሮቹን አውጥቶ መሬት የሚረግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1887 ሥራውን ሦስቱ የማጊሩስ ልጆች ተረከቡ። በ1892 በፈረስ የሚጎተት፣ በመሠረቱ ላይ ዙሪያውን መሽከርከር የሚችልና 25 ሜትር የሚረዝም መሰላል አወጡ። 25 ሜትር ማለት የሰባትና የስምንት ፎቅ ቁመት ነው። መሥራቹ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1895 አረፈ። ሞተር ያለው የእሳት አደጋ መኪና በፋብሪካው ሲሠራ አላየም።

ከፈረስ ወደ ሞተር

የዚህ ታሪክ መዞሪያ እዚህ ነው። መሰላሉ በረዘመ ቁጥር ከበደ፤ በከበደ ቁጥር ብዙ ፈረስ ጠየቀ። ፈረስ ደግሞ ሥራ ባይኖርም ይበላል፣ ይታመማል፣ ለመጫንም ጊዜ ይወስዳል። በእሳት አደጋ ሥራ ጊዜ ማለት ሕይወት ነው። ገና ያልተስፋፋ እሳት በአንድ ባልዲ ይጠፋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ያንኑ እሳት አንድ ሙሉ ቡድን ላይችለው ይችላል።

በ1904 ፋብሪካው በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ የእሳት አደጋ መኪና ሠራ። ያው እንፋሎት መኪናውንም ፓምፑንም ያንቀሳቅስ ነበር። የእንፋሎት ችግር ውኃው እስኪፈላና ግፊት እስኪፈጠር መጠበቁ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ግን ወዲያው ይነሳል፤ ስለዚህ እንፋሎትን ተክቶ ቀረ።

በ1916 ማጊሩስ መነሳቱም፣ መሽከርከሩም፣ መርዘሙም በመኪናው ሞተር ኃይል የሚከናወን መሰላል አወጣ። የአሠራሩን መርህ መረዳት አይከብድም። መኪናው ሲጓዝ የሞተሩ ኃይል በካምቢዮ በኩል ወደ ጎማ ይሄዳል። መኪናው ከቆመ በኋላ ኃይሉ ከጎማው ተለይቶ ወደ መሰላሉ ወይም ወደ ፓምፑ እንዲሄድ ይደረጋል። ዛሬ በምናውቀው ገልባጭ መኪና አሸዋውን የሚያራግፈውም የዚህ ዓይነት አሠራር ነው።

እንግዲህ አንድ ፋብሪካ ይህን ሁሉ ከቻለ በኋላ ምን ቀረው? ከባድ ሸክም የሚችል ሻንሲ፣ ጠንካራ አክስል፣ ኃይል የሚያከፋፍል ካምቢዮና አስተማማኝ ፍሬን የእሳት አደጋ መኪና አካላት ናቸው። መሰላሉ ወርዶ በምትኩ የጭነት ሣጥን ቢጫን የጭነት መኪና፣ ወንበር ቢደረደርበት ደግሞ አውቶቡስ ይሆናል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊት የጭነት መኪና አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር ማጊሩስ በጦርነቱ ዘመን ወደዚህ ሥራ ገባ። ከጦርነቱ በኋላም አውቶቡስና የጭነት መኪና መሥራቱን ቀጠለ።

ሌሎች ወደዚሁ ሥራ በተቃራኒ መንገድ የደረሱም አሉ። በእንግሊዝ የዴኒስ ወንድማማቾች በ1895 ብስክሌት ከመሥራት ተነስተው ወደ መኪና ገቡ፤ የመጀመሪያ የእሳት አደጋ መኪናቸውን የሠሩት በ1908 ነው። ማጊሩስ ከእሳት አደጋ ወደ መኪና፣ ዴኒስ ከመኪና ወደ እሳት አደጋ ተጓዙ። ሁለቱም የተገናኙት ጠንካራ ሻንሲ በሚፈልገው ሥራ ላይ ነው።

የ1864 እኩዮች

ማጊሩስ በተመሠረተበት በዚያው በ1864 በኮሎኝ ከተማ ሌላ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። መሥራቾቹ ኒኮላውስ ኦቶና ኦይገን ላንገን ናቸው። ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተር የሠራ ሰው ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ የቤንዚን መኪኖች በአብዛኛው በዚሁ መርህ ይሠራሉ። ፋብሪካው በኋላ ዶይትስ በሚለው ስም ታወቀ።

በ1936 ሁለቱ እኩዮች ተዋሐዱ። አንዱ ሞተር፣ ሌላው መኪና ይዞ መጣ። ከተጣመሩት ስሞች «ማጊሩስ ዶይትስ» የሚለው ወጣ። በመኪኖቹ ግንባር ላይ የኡልም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ከ«ማጊሩስ» የመጀመሪያ ፊደል ጋር ተዋሕዶ ይታይ ነበር። ይህ ግንብ በ1890 የተጠናቀቀ፣ ቁመቱ ከ161 ሜትር በላይ የሆነ፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የዓለም ረጅሙ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሆኖ የቆየ ነው። ለመሰላል ሠሪ የሚስማማ ምልክት ነበር።

ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ፋብሪካው ለናዚ ጀርመን ጦር የጭነት መኪና አቀረበ። በዚህም የጠላት ዒላማ ሆነ። ታኅሣሥ ወር ላይ፣ በ17 ዲሴምበር 1944 ምሽት፣ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማጊሩስንና ሌላውን የከተማዋን መኪና ሠሪ ካስቦሬርን ለመምታት መጡ። ቦምቡ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ለይቶ አልወደቀም። ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጥንቷ ከተማ አብዛኛው ክፍል ወደመ። ረጅሙ ቤተ ክርስቲያን ግን ቆሞ ቀረ።

በክበባችን ውይይት ላይ ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን ይህ ክፍል ነው። ከተማን ከእሳት ለማዳን የተጀመረ ሥራ ለከተማዋ መቃጠል አንዱ ምክንያት ሆነ። ሻንሲው ያው ነው፤ ሞተሩ ያው ነው። ልዩነቱ በላዩ ምን እንደተጫነና ለማን እንደሠራ ነው። ማሽን በራሱ ዓላማ የለውም፤ ዓላማ የሚሰጠው ሰው ነው።

ውኃ የማይፈልግ ሞተር

ከጦርነቱ በኋላ ማጊሩስ ዶይትስ የታወቀው በአየር በሚቀዘቅዝ የናፍጣ ሞተር ነው። አብዛኛው የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በራዲያተር ውኃ ነው። ውኃው በሞተሩ ዙሪያ እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ነፋስ ያበርደዋል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ግን ውኃ የለም፤ ሲሊንደሮቹ ዙሪያቸውን ስስ የብረት ክንፎች አሏቸው፣ ትልቅ ማራገቢያም አየር ይነፋባቸዋል። ክንፎቹ የሚያስፈልጉት ብረቱ ከአየር ጋር የሚገናኝበትን ስፋት ለመጨመር ነው።

ጉዳቱ ድምፁ መብዛቱ ነው። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው፤ ውኃ ከሌለ በበረሃ አይፈላም፣ በብርድም አይረጋም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሶቪየት ኅብረት በሳይቤሪያ የባይካል አሙር የባቡር ሐዲድ ስትዘረጋ ወደ 9,500 የሚጠጉ የማጊሩስ ዶይትስ መኪኖችን አዘዘች። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ በሚወርድበት አገር እነዚህ መኪኖች አፈርና ድንጋይ አመላልሰዋል። ለኡልም ፋብሪካ በመኪና ሥራ ታሪኩ ከታላላቆቹ ትእዛዞች አንዱ ይህ ነበር።

ኢቬኮና አምቼ

ያ ትልቅ ትእዛዝ በመጣበት ጊዜ ግን የመኪና ንግድ እየከበደ ነበር። ብቻውን መቆም የማይችል አምራች ከትልልቆቹ ጋር መተባበር ግድ ሆነበት። በ1975 የጣሊያኑ ፊያት የራሱን የጭነት መኪና ክፍል ከሌሎቹ ጋር አንድ አድርጎ ኢቬኮን ሲመሠርት ማጊሩስ ዶይትስ ገባበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዶይትስ እናት ኩባንያ ድርሻውን ለቀቀ። የማጊሩስም ስም ከጭነት መኪኖች ግንባር ላይ ቀስ በቀስ ጠፍቶ በኢቬኮ ተተካ።

የእኛ አገር ግንኙነት በዚሁ በፊያት በኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «አምቼ» እያልን የምንጠራው የመኪና መገጣጠሚያ በ1970 ሲቋቋም የኢትዮጵያ መንግሥትና የጣሊያን ፊያት የጋራ ሥራ ነበር። ኢቬኮ ከተመሠረተ በኋላ አምቼ ለብዙ ዓመታት የኢቬኮ መኪኖችን ሲገጣጥም ቆይቷል። አባቶቻችን «ኤንትሬ» እያሉ የሚያስታውሱት የፊያት መኪናና በኋላ የመጣው ኢቬኮ በዚህ ዝምድና ይገናኛሉ። በመንገዳችን ላይ ያለው ኢቬኮ የኡልም ሥራ ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ነው።

ወደ መነሻው መመለስ

በ2012 በኡልም የከባድ ጭነት መኪና ምርት ቆመና ወደ ስፔን ተዛወረ። ፋብሪካው ግን አልተዘጋም። የኢቬኮ የእሳት አደጋ መኪና ሥራ ማዕከል ሆነ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ማጊሩስ ከኢቬኮ ተለይቶ ለሌላ የጀርመን ኩባንያ ተሸጠ። ስሙ ዛሬም በእሳት አደጋ መኪናና በረጅም መሰላል ላይ ይታያል።

ሲጠቃለል፣ ማጊሩስ ወደ መቶ ለሚጠጋ ዓመት የጭነት መኪና ሠራ፣ በመጨረሻም ያ ሥራ ከእጁ ወጣ። የጀመረበት መሰላል ግን ከእጁ አልወጣም። የጭነት መኪና ብዙዎች ይሠሩ ነበር፤ 25 ሜትር ከፍታ ላይ ሰው የሚያምነውን መሰላል መሥራት የቻሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳቆየነው ሌላ ምክንያት እንምጣ። በዚህ ታሪክ የነገሮቹን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ቡድኑ የተቋቋመው በ1847 ነው፤ ፋብሪካው የመጣው በ1864፣ ታዋቂው መሰላል በ1872፣ ሞተሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰዎቹ ተደራጅተው፣ ተለማምደው፣ አዛዥ መርጠው የቆዩት ዕቃው ከመምጣቱ ከ17 ዓመት በፊት ነበር። ሥርዓቱ ዕቃውን ወለደ።

ይህ ትምህርት ቤታችንንም ይመለከታል። በየኮሪደሩ የተሰቀለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ፒኑን ነቅሎ፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሮ መርጨት የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን የግድግዳ ጌጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። ደወል ሲደወል በየትኛው በር እንወጣለን? ታናናሾቻችንን የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚያወጣው ማን ነው? ውጭ ከተሰበሰብን በኋላ ስም የሚጠራውና የጎደለ መኖሩን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ወላጆችም በቤታቸው ይህንኑ ከልጆቻቸው ጋር ቢነጋገሩ፣ የቡታጋዙ ሲሊንደር የሚዘጋበትንም ለትልልቆቹ ቢያሳዩ መልካም ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የኡልም ወጣቶች በ1847 የሠሩት ሥራ ይኸው ነበር። ክበባችን በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከክፍል ተጠሪዎች ጋር የመውጫ በሮቹን ካርታ ለመሥራት ዝግጁ ነው። መሳተፍ የሚፈልጉ ተማሪዎችና ወላጆች ይምጡ፤ ሙያ አይጠየቅም። ማጊሩስም ነጋዴ ነበር።